ከትርፍራፊ ዕቃ የድሮ ቢኤምኤክስ ልገጥም ነው፣ የቱ ከየቱ ይገባል?

ናቲ_ኤልኤ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ያለሁት ሎስ አንጀለስ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ለአመታት የተጠራቀመ የድሮ ቢኤምኤክስ (ለዝላይና ለእሽቅድምድም የምትሆነው ትንሿ ሳይክል) ዕቃ አለኝ፣ ከፊሉን ጎረቤቴ ቤት ሲለቅ ትቶልኝ የሄደው ነው ከፊሉን ደሞ ጋራዥ ሴል ባየሁ ቁጥር በአምስት በአስር ዶላር የለቃቀምኩት፣ አሁን ባለቤቴ ወይ ግጠመው ወይ ከፊቴ አጥፋው ስላለች ልገጥመው ቆርጫለሁ። መግጠም ላይ ግን ያን ያህል አይደለሁም፣ ከለመዳሪያ መለጠፍና ካቴና መቀየር እችላለሁ በቃ።

ፍሬሙ ሞንጉስ የሚባለው የአሜሪካ ማርክ ነው፣ ክሮም፣ ስቲከሩ ተልጧል ግን የ80ዎቹ መጀመሪያ ነው ብሎኛል የሸጠልኝ ሰውዬ። ፎርኩ (የፊት ሹካው) አብሮት ነው የመጣው። ከዛ ውጪ ያለኝ፣ ነጭ የነበረ አሁን ቢጫ የሆነ የስካይዌይ ታፍ ዊል (ሽቦ የሌለው ወጥ የናይለን ቸርኬ) የፊትና የኋላ፣ አንድ የኋላ ቸርኬ አራያ 7ኤክስ ባለ 36 ሽቦ ሞዞው (መሀሉ) ሺማኖ፣ ዲያ ኮምፕ ኤምኤክስ 1000 ፍሬን፣ ወጥ የሆነው ዋን ፒስ ክራንክ (ፔዳል የሚታሰርበት ክንድ) 175 ሚሊ ከ44 ጥርስ ጋር፣ ሌላ ባለ ሶስት ቁራጭ ክራንክ፣ መሪ፣ ኮርቻ፣ የተለያየ ፔዳል ምናምን።

አሁን የተቸገርኩት፣ ሁለት ስቴም (መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያይዘው) አለኝ በዓይን ሲታዩ መንታ ናቸው፣ አንዱ አስቀያሚው ፎርኩ ውስጥ ስልት ብሎ ይገባል፣ ሰማያዊው ቆንጆው ደሞ ጭራሽ አልገባም አለ። ሁለተኛ ከአሮጌ ሽዊን ሳይክል የወጣ ጎማ አለኝ 20 ኢንች ይላል፣ አራያው ላይ ሳስገባው በእጄ ነው የገባው ሰፋ ብሎ፣ አየር ስሞላው ግን ከጠርዙ እየወጣ አስቸገረኝ፣ 20 ኢንች 20 ኢንች አይደለም እንዴ? ሶስተኛ እንደ ድሮው ሁሉንም ኦሪጅናል ላድርገው ወይስ ባለኝ ልገጣጥመው? ዋጋ ያለው ነገር እንዳላበላሽ ፈርቼ ነው።


ዴንቨር_ማን

ጎማውን መጀመሪያ፣ አየር መሙላቱን አሁኑኑ አቁም ፊትህ ላይ ይፈነዳል። የጎማውን ጎን አንብብ፣ 1.75 ነው የሚለው ወይስ 1 3/4? በሂሳብ አንድ ነው በሳይክል ግን አይደለም። በነጥብ የተጻፈው 20 በ1.75 ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 406 ሚሊ ነው፣ በክፍልፋይ የተጻፈው የሽዊኑ 20 በ1 3/4 ደሞ 419 ነው። የ13 ሚሊ ልዩነት ስላለው ነው በእጅህ ሰተት ብሎ የገባልህ። አራያ 7ኤክስ 406 ነው ታፍ ዊሉም እንደዛው። አዲስ ስትገዛ ጎኑ ላይ 47-406 የሚል ፈልግ፣ መጨረሻው 406 ይሁን እንጂ ፊት ያለው ቁጥር ስፋቱ ነው እንደፈለግክ። አደራ 451 የሚባልም አለ፣ የቀጫጭኖቹ የእሽቅድምድም ጎማ ነው እሱም 20 ኢንች ይባላል፣ ያም አይሆንህም።

ስቴሙ ደሞ እንዲህ ነው፣ የድሮ ቢኤምኤክስ ፎርክ አንገቱ ከውጪ ሲለካ እንደ ሌላው የድሮ ሳይክል 1 ኢንች ነው፣ ግን ለዝላይ ስለሚሰራ የቱቦው ብረት ወፍራም ነው፣ ስለዚህ የውስጥ ቀዳዳው ጠበብ ይላል። የሚገባለት ስቴም 21.1 ሚሊ ነው። የመንገድና የድሮ ማውንቴን ሳይክል ስቴም 22.2 ነው። ሰማያዊው 22.2 ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) የለህም? ሀርበር ፍሬት የመሳሪያ ሱቅ ሄደህ ርካሿን ዲጂታል ግዛ፣ ያለሷ ይሄን ስራ አትጀምር፣ ከዚህ በኋላ የሚገጥምህ ችግር ሁሉ የግማሽ ሚሊ ጉዳይ ነው።


ቢኒ22

ብሮ ዎልማርት አዲስ ሞንጉስ አለ እኮ ምን አደከመህ 😂


ዴንቨር_ማን

@ቢኒ22 ስሙ ብቻ ነው የቀረው ወንድሜ። የዛሬው የዎልማርቱ ሞንጉስና የ80ዎቹ የካሊፎርኒያው ሞንጉስ የሚጋሩት ስቲከሩን ነው።


ቢኒ22

እሺ እሺ። ግን ኢቲ ፊልም ላይ ልጁ ቅርጫት ውስጥ አርጎት የሚበርበት ሳይክል ይሄ ነው አይደል?


ሰላም_ኦክላንድ

አይደለም ቢኒዬ እሱ ኩዋሃራ ነው የጃፓን ስራ፣ ፊልሙ በ1982 ሲወጣ ነው ስሙ የገነነው።

ናቲ ሰላም። እኔ እዚህ ኦክላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይክል የሚጠገንበት ቦታ በበጎ ፈቃድ እሰራለሁ፣ የዕቃ ሳጥን መለየት የኔ ስራ ነው ማለት ይቻላል ስለዚህ ሶስተኛው ጥያቄህ ላይ ልግባበት። ኦሪጅናል ላድርገው ወይ ያልከው፣ በመጀመሪያ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ኦሪጅናሉ ምን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ፍሬሙን ገልብጠውና ከክራንኩ ቤት ስር ወይ ከኋላ ቸርኬ መያዣው ላይ የተመታ ቁጥር አለ፣ ጽዳውና ፎቶ አንሳው፣ የድሮ ቢኤምኤክስ ሰብሳቢዎች ቁጥሩን አይተው ዓመቱን ይነግሩሃል። ሺማኖው ሞዞ ላይ ደሞ ሁለት ፊደል ተመትቶ ታገኛለህ። የመጀመሪያዋ ፊደል ዓመት ናት፣ ኤ 1976 ነው ቢ 1977 እያለ ይሄዳል፣ ሁለተኛዋ ወር ናት፣ ኤ ጃንዋሪ ቢ ፌብሯሪ። እሱ ግን ያቺ ዕቃ የተሰራችበት ነው፣ የፍሬሙን ዕድሜ አይነግርህም፣ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ሌላው ደሞ፣ ይሄ ሳይክል ከተለያየ ዕቃ ሲገጣጠም የመጀመሪያው አይደለም። ቢኤምኤክስ የተወለደው እኮ እንደዚህ ነው። በ70ዎቹ መጀመሪያ እዛው አንተ ያለህበት አካባቢ ሎንግ ቢች ላይ እነ ስኮት ብሬይትሃፕት ገና ልጆች እያሉ ባዶ መሬት ላይ ውድድር ሲያዘጋጁ ቢኤምኤክስ ተብሎ የሚሸጥ ሳይክል መቼ ነበረ፣ ሽዊን በ1963 ያወጣውን ስቲንግሬይ መከላከያውን ይነቅሉለታል፣ የሞተር ሳይክል የመሰለ መሪ ያስሩለታል፣ ጥርሳም ጎማ ያለብሱታል፣ ሲሰበር ደሞ ከሌላው ላይ ፈተው ይተኩታል። ሞንጉስ ራሱ በፍሬም አይደለም የጀመረው። ስኪፕ ሄስ በ1974 ሲሚ ቫሊ ላይ ድርጅቱን ሲከፍት ይዞት የወጣው ዕቃ ሞቶማግ የሚባል ቀልጦ የተሰራ ወጥ ቸርኬ ነበር፣ ባለ ሽቦው ዝላይ አልችል እያለ ስለሚጣመም። ፍሬም የመጣው ከዛ በኋላ ነው። እና ልጆቹም ሙሉ ሳይክል ከመግዛት ፍሬሙን ከአንዱ፣ ፎርኩን ከሬድላይን ኩባንያ፣ ቸርኬውን ከስካይዌይ እያደረጉ በኪሳቸው ልክ ነበር የሚሰሩት። ስለዚህ የዘመኑን ዕቃ ከዘመኑ ዕቃ ጋር ከቀላቀልክ ማንም ሀሰተኛ አይልህም። እኔ የማይዋጥልኝ ለሰብሳቢ ብሎ የዛሬ ስቲከር ለጥፎ ኦሪጅናል ነው የሚል ሰው ነው።

ክሮሙን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው እባክህ! አሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለህ ውሃ ነክረህ እሸው፣ ፎይሉ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም ዝገቱን ግን ያነሳል። ጠለቅ ላለው ዝገት ኦክሳሊክ አሲድ አለ፣ ጓንት አድርገህ ደጅ ላይ፣ ልጆች ካሉ ራቅ አድርገህ፣ መርዝ ነው።


ጋሽ_ጎሚስታ

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። እኔ አዲስ አበባ ነኝ ኮልፌ ሳይክል ሳከራይና ስጠግን ነው የኖርኩት፣ ያኔ በሰዓት ነው የምናከራየው ልጁ ሁሉ ሲወድቅበት ውሎ ማታ ተጣሞ ይመጣል እኛ ሌሊቱን ስናቃና እናድራለን። ናቲ ልጄ ያልከው ዓይነት ትንሿ ባለ ወፍራም ጎማ ከውጪ በዕቃ መሀል እየመጣች እኛም ጋ ትገባ ነበር፣ መለዋወጫ ግን የለም፣ ምናለሽ ተራ ወርደን ክምሩን ስንገላብጥ ነው የምንውለው፣ ያገኘነውን ከያዝነው ጋር እናስማማዋለን።

አንድ ነገር ልምከርህ፣ ምንም ዕቃ ከመግጠምህ በፊት ቴላዮውን (ፍሬሙን) እየው። መሪው የሚገባበት አንገት ስር፣ ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ ከአንገቱ የሚገናኝበት ጋ ጣትህን አሳልፍበት። ዝላይ የበዛበት ቴላዮ እዛ ጋ ያብጣል ወይ ክሮሙ ይሸበሸባል፣ ካበጠ ግድግዳ ላይ ስቀለው አትንዳው። ሹካውን ደግሞ አውጥተህ በጎን እየው ወደ ኋላ የተቆለመመ ከሆነ በመሳብ አቃናዋለሁ እንዳትል፣ የተቃና ብረት ሁለተኛ ሲታጠፍ አይነግርህም።

ሰማያዊው የመሪ አንገት (ስቴሙ) የማይገባው በአንድ ሚሊ ከሆነ ሞርሳ ላይ አስረህ ዙሪያውን በሞረድ ቀስ እያልክ ብትቀንሰው ይገባል። እኛ ስንቱን እንደዛ አስገብተናል።


ዴንቨር_ማን

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚህ ላይ አልስማማም። 22.2 ወደ 21.1 ለማምጣት ከያንዳንዱ ጎን ከግማሽ ሚሊ በላይ ብረት መብላት ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ደሞ ቀለም ያስያዙት አሉሚኒየም ነው ማለት ነው ብረት እንኳን አይደለም፣ የሚሰነጠቀው ከታች ማጥበቂያው የሚወጥረው ቦታ ላይ ነው፣ እሱ ሲለቅ መሪው እጅህ ላይ ነው የሚቀረው። በሞረድ ደሞ ክብ አይወጣም።


ጋሽ_ጎሚስታ

ልክ ነህ እኛ የምንሞርደው የብረቱን ነበር። በአስፋልት ዳቦ ለመግዛት ከሆነ ምንም አይልም፣ የሚዘልበት ከሆነ ግን ያንተን ይስማ።


ሀብሻ_ፍራንክፈርት

እኔ ተቃራኒውን ነው ያደረግኩት ቀጭኑን ሰፊ ፎርክ ውስጥ በቆርቆሮ ኮላ ጠቅልዬ፣ እስካሁን ይሰራል


ሰላም_ኦክላንድ

@ሀብሻ_ፍራንክፈርት ለኮርቻው ዘንግ ይሁን፣ ቢንሸራተት ቁጭ ትላለህ እንጂ አትሞትም። ለመሪ ቆርቆሮ አይጠቀለልም በናትህ!


ናቲ_ኤልኤ

ዋው ይሄን ሁሉ መልስ አልጠበቅኩም እግዜር ይስጥልኝ። ካሊፐር ገዛሁ። ሰማያዊው 22.2 ነው፣ ዴንቨር ውርርዱን በልተሃል። አስቀያሚው 21.1 እሱን አስገባለሁ። ጎማውም 1 3/4 ነው ልክ እንዳልከው። ጋሼ አንገቱን እንዳሉኝ አይቼዋለሁ ምንም እብጠት የለውም ሹካውም ቀጥ ያለ ነው። ሺማኖው ላይ ያገኘሁት ፊደል ኤች እና ቢ ነው፣ ሰላም ባልሽው ከቆጠርኩ ፌብሯሪ 1983 ይመጣል አይደል?

አሁን ደሞ ሌላ፣ ባለ ሶስት ቁራጩን ክራንክ ነው ማስገባት የምፈልገው ጠንከር ያለ ስለሚመስል፣ የፍሬሙ ቀዳዳ ግን ሰፊ ነው ጭራሽ ፊሌቶ የለውም ለስላሳ ነው። እና ዋን ፒሱንም ከነበረበት ፍሬም ላይ ላወጣው ስል የግራው ዳዶ አልፈታ ብሎኛል፣ ቁልፍ ላይ ቧንቧ ቀጥዬ ሁሉ ታገልኩት።


ጋሽ_ጎሚስታ

ቧንቧውን አስቀምጥ! የግራው ዳዶ ግራ ነው ልጄ፣ በተገላቢጦሽ ነው የሚፈታው፣ አንተ በታገልክ ቁጥር እያጠበቅከው ነው። መጀመሪያ የግራውን ፔዳል አውልቅ እሱም ተገላቢጦሽ ነው። ከዛ ዳዶውን በሰዓት አቅጣጫ አዙር ይላላል፣ ቀጥሎ ምላስ ያላት ሮንዴላ አለች አውጣት፣ ቀጥሎ ኮኑን እሱንም በሰዓት አቅጣጫ፣ ከዛ ኩሽኔታው ይወጣል፣ ክራንኩን ወደ ቀኝ እያጋደልክ እንደ እባብ ጠምዝዘህ ሳበው አንድ ላይ ይወጣል። ኩሽኔታውን በላምባ እጠበው። መልሰህ ስታስገባ ኳሶቹ ወደ ስኒው (ፍሬሙ ውስጥ ወዳለው መቀመጫቸው) ይዩ የቆርቆሮው ጀርባ ወደ ውጪ፣ ገልብጠህ ካስገባህ ያንቀጫቅጭብሃል በሳምንቱም ይበላል። ግራሶ አትሰስት። ኮኑን ስታጠብቅ ክራንኩ በነጻ እየዞረ የማይነቃነቅበት ቦታ አለ፣ እሱን አግኝተህ በዳዶው ቆልፍ።


ዴንቨር_ማን

የፍሬሙ ሰፊ ለስላሳ ቀዳዳ የአሜሪካን ቢቢ (የክራንክ ቤት) ይባላል፣ ዲያሜትሩ ወደ 51 ሚሊ ተኩል ነው፣ ስኒው ተመትቶ ነው የሚገባው ለዛ ነው ፊሌቶ የሌለው። ዋን ፒሱ ለሱ ነው የተሰራው ምንም ሳትጨምር ይገባል። ባለ ሶስት ቁራጩ ፊሌቶ ያለው ጠባብ ቤት ነው የሚፈልገው፣ አዳፕተር ይሸጣል ርካሽ ነው። ግን ለምን? ዋን ፒሱ ከባድ ነው እሺ፣ ግን የዘመኑ ነው፣ አለህ፣ ነጻ ነው። በአርባ ምናምን አመት ፍሬም እንደ ልጅነትህ የምትዘል ካልሆነ በሱ ሂድ።

የምትጠነቀቀው ፔዳል ላይ ነው። የዋን ፒስ ክራንክ ፔዳል ቀዳዳው 1/2 ኢንች ነው፣ የባለ ሶስት ቁራጩ 9/16። ካሉህ ፔዳሎች የትኛው 1/2 እንደሆነ በካሊፐሯ ለካ፣ ቀጭኑ አንገት ወደ 12 ሚሊ ተኩል፣ ወፍራሙ ከ14 ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ካቴናም እንደዛው፣ ሰፊው 1/8 የትኛውም ጥርስ ላይ ይሄዳል፣ ጠባቡ 3/32 ግን ወፍራም ጥርስ ላይ አይቀመጥም ይዘላል።


ሰላም_ኦክላንድ

አዎ ናቲ፣ ፌብሯሪ 1983 ነው ልክ ቆጥረሃል። ቸርኬው ላይ ደሞ ሳትጠይቀኝ ልመልስልህ። ሁለቱንም ታፍ ዊል አታስገባ። የኋላውን አራያውን አድርገው የፊቱን ታፍ ዊል። ምክንያቱም ታፍ ዊል ናይለን ነው፣ ፍሬን እንደ አሉሚኒየም አይይዝም፣ ሲረጥብማ ተወው። ቢኤምኤክስ ደሞ ብዙ ጊዜ ፍሬኑ የኋላ ብቻ ነው፣ ያንተም ፎርክ ለፍሬን ቀዳዳ ከሌለው ፊት ላይ ፍሬን አይኖርም፣ በፍጹም እንዳትበሳው። ስለዚህ ኤምኤክስ 1000ው ኋላ አራያው ላይ ጥሩ ይይዛል፣ ፊቱ ታፍ ዊል ለውበት ይዞራል። ቢጫነቱ ካስጠላህ ናይለን የልብስ ቀለም ይጠጣል፣ ጥቁር ወይ ቀይ ወይ ሰማያዊ በሙቅ ውሃ ይነከራል፣ ወደ ነጭ ግን በቀለም አይመለስም።


ሀብሻ_ፍራንክፈርት

ጥንዱን ከሚለያየው ለምን አይሸጠውም፣ የታፍ ዊል ጥንድ ፈላጊው ብዙ ነው፣ በሱ ብር ጎማ ከለመዳሪያ የፍሬን ጎማ ሁሉ ይገዛል እኮ


ሰላም_ኦክላንድ

እሱም ሀሳብ ነው፣ ግን የፊት ቸርኬ የለውም እኮ፣ ሸጦ ሌላ ሊገዛ ነው። የኋላውን ታፍ ጠቅልሎ ያስቀምጠው፣ አይበላም አይጠጣም።


ዴንቨር_ማን

አራያውን ስትጠቀም የኋላ ዘንጉን ለካ፣ የዘመኑ 3/8 ኢንች ነው ያው 10 ሚሊ አካባቢ፣ የሞዞው ስፋት ከዳዶ እስከ ዳዶ 110 ሚሊ መሆን አለበት። በኋላ የመጡት የፍሪስታይል 14 ሚሊ ዘንግ ናቸው እሱ ያንተ ፍሬም ላይ አይገባም፣ ሰው ቀዳዳውን በሞረድ ያሰፋዋል (ጋሼ እርሶን አይደለም 😅)። የኋላው ጥርስ ስንት ነው? 16 ከሆነ ከ44ቱ ጋር የታወቀው ልክ ነው፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ቸርኬው ሁለት ከሦስት ሩብ ጊዜ ይዞራል። ፍሪዊሉን (የኋላውን ጥርስ) መቀየር ካለብህ ደሞ ቸርኬው ሽቦው እንዳለ ሆኖ ነው የሚፈታው፣ ሽቦውን ቆርጠህ ሞዞውን ብቻ ይዘህ ከቀረህ የምትይዝበት የለህም በምንም አይፈታም።


ናቲ_ኤልኤ

ዳዶው ተፈታ!! ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ በሰዓት አቅጣጫ አንዴ ገፋ ሳደርገው እጅ አነሳ። ኩሽኔታው ደህና ነው ግራሶው ግን ሻማ ሆኗል፣ እያጠብኩ ነው። የኋላው ጥርስ 16 ነው፣ ሞዞው 110 ዘንጉም 10 ሚሊ፣ ገብቷል። ሰላም ያልሽውን ነው የማደርገው ፊት ታፍ ኋላ አራያ፣ ቢጫውን እንዳለ እተወዋለሁ ለምጄዋለሁ።

ፔዳሎቹን ለካሁ፣ ሶስቱም ዓይነት 9/16 ናቸው 🤦🏾‍♂️ ከዋን ፒሱ ላይ የወለቁት ደሞ ዘንጋቸው ተጣሟል ሲዞሩ ያወዛውዛሉ። 1/2 የድሮ የብረት ፔዳል የት ነው የሚገኘው? ኢቤይ ላይ ያየሁት ዋጋ ከፍሬሙ ይበልጣል።


ዴንቨር_ማን

ኢቤይን ተወው። እኔ ጋ 1/2 ጥንድ አለ፣ ጥርሳም ብረት፣ ስም የለውም ግን ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው፣ የኔ ሳይክል 9/16 ስለሆነ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። አድራሻህን በውስጥ መስመር ላክልኝ የፖስታውን ብቻ ትከፍላለህ። ያንን ሰማያዊ ስቴም ግን የማትፈልገው ከሆነ በለውጥ እወስደዋለሁ፣ ለ22.2 ፎርክ ስፈልግ ነበር።


ጋሽ_ጎሚስታ

ሲደርስህ ፊሌቶውን ግራሶ ቀብተህ እሰር፣ ሁለቱም ፔዳል ወደ ሳይክሉ ፊት ስታዞር ይጠብቃል ወደ ኋላ ይላላል። መጀመሪያ በእጅህ አስጀምረው፣ በቁልፍ ካስጀመርከው ክራንኩን ነው የምትበላው።


ናቲ_ኤልኤ

@ዴንቨር_ማን ሰማያዊው ያንተ ነው፣ ነገ ፖስታ ቤት እገባለሁ። አድራሻ ልኬልሃለሁ እየው።